የመድረክ ፍርሃትና አብሮ የመጫወት ጥበብ

የዛሬው ጉዳያችን ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት የሆነ ነው። በቤቱ ብቻውን ሲሆን ክራሩን አሳምሮ የሚገርፍ ሰው ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ሲቀመጥ ጣቱ የሚተሳሰረው ለምንድን ነው? በልምምድ ጊዜ ድምፅዋ ሁሉን የሚያስደንቅ ልጅ በበዓሉ ቀን ጉሮሮዋ የሚደርቀው ለምንድን ነው? ጥያቄው ስም ያወጡ ሙዚቀኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምሩትን፣ በትምህርት ቤት ክበብ ጊታር የሚማሩትን፣ በባዕድ አገር በዕረፍት ቀናቸው ተሰባስበው የአገራቸውን ዜማ የሚጫወቱትን ሁሉ ይመለከታል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ መሣሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የተዉ ብዙ ናቸው። ያሳዝናል፤ መላ ያለው ነገር መሆኑን ስናውቅ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከሰው ጋር ስንጫወት የሚይዘንን ፍርሃት የምናሸንፈው በማድመጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የፈራ ሰው የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው፤ የልቡን ትርታ፣ የጣቱን መንቀጥቀጥ፣ ከደቂቃ በፊት የሳታትን አንዲት ድምፅ። ጆሮውን ወደ ባልደረቦቹ የመለሰ ሰው ግን ፍርሃቱ ባይለቀው እንኳ ሥራውን ይሠራል። ድፍረት አንዳንዱ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ማድመጥ ግን እየተለማመዱ የሚያገኙት ሙያ ነው፤ ስለዚህ ለማናችንም አልተነፈገም።

በመጀመሪያ ፍርሃት ሰውነታችን ላይ የሚያደርገውን እንይ። አእምሯችን አደጋ የመጣ ሲመስለው፣ ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ደም ከቆዳና ከጣቶች ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ አፍ ይደርቃል። ሮጦ ለማምለጥ ወይም ለመታገል ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ረቂቅ የጣት ሥራ ለሚጠብቀው ሙዚቀኛ ግን እጅን የሚያስር ገመድ ይሆንበታል።

እያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ፍርሃትን የሚያጋልጥበት የራሱ መንገድ አለው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዘ አንድ የባህል ቡድን እንውሰድ። ማሲንቆ ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ነው፤ የጣት ማረፊያ ተብሎ የተከለለ ቦታም የለውም። ጣት በጥቂቱ ቢንሸራተት ዜማው ከቅኝቱ ይወጣል፤ ደጋኑን የያዘው እጅ ከተንቀጠቀጠ ረጅሙ ድምፅ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክራር ገራፊው በአንድ እጁ አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ይገርፋል፤ በሌላው እጁ ጣቶች ደግሞ እንዳይሰሙ የሚፈልጋቸውን ያፍናል። ጣቱ ቀዝቅዞ ሲደነዝዝ ዝም ማለት የነበረበት አውታር ይጮኻል። ዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ያጥረውና ዜማውን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ከበሮ መቺው እጁ ላይሳሳት ይችላል፤ ልቡ ስለፈጠነ ግን ሳያውቀው ምቱን ያፈጥነዋል። ምቱ ሲፈጥን ማሲንቆው ይቸኩላል፣ ዋሽንቱ ትንፋሽ መውሰጃ ያጣል፣ የክራሩ ጣት ይዘገያል። የአንዱ ድንጋጤ ወደ አራቱም የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። እርጋታም የሚተላለፈው በዚያው መንገድ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ከበሮው ሲረጋ ሁሉም ይረጋል።

ፍርሃት የችሎታ ማነስ ምልክት ነው የሚል ካለ የፓብሎ ካሳልስን ታሪክ ይስማ። ካሳልስ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የቼሎ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታማልፓይስ የተባለ ተራራ ላይ ሳለ የተንከባለለ ድንጋይ የግራ እጁን መታው። በኋላ ስለ ሕይወቱ በተጻፈው መጽሐፍ እንደተረከው፣ በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ከእንግዲህ ቼሎ መጫወት ቀረልኝ የሚል እፎይታ ነበር። እጁ ሲድን ግን ወደ መድረክ ተመለሰ። ከኮንሰርት በፊት የሚይዘው ጭንቀት ዕድሜውን ሙሉ እንዳልለቀቀው ተናግሯል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1971፣ በ94 ዓመቱ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አዳራሽ ለዓለም ተጫውቷል። ፒያኒስቱ ቭላድሚር ሆሮዊትዝም በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1965 ለ12 ዓመታት ከመድረክ ርቆ ነበር፤ እሱም በኋላ ተመልሷል። እነዚህ ሰዎች የሚያስተምሩን ፍርሃቱ እስኪጠፋ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ነው። ፍርሃቱም እያለ መጫወት ይቻላል።

በእኛ ዘንድ ነገሩን የሚያከብዱ ሁለት ሸክሞች አሉ። አንዱ፣ ፉከራና ሽለላ ባደገበት አገር ፈሪ መባል ከባድ ነውር መሆኑ ነው። የሚንቀጠቀጠው ልጅ መንቀጥቀጡን ለመደበቅ የሚያወጣው ጉልበት ለዜማው ሊያውለው ከሚገባው ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ። ይሉኝታ በኑሯችን ብዙ በጎ ነገር የሚጠብቅልን ጨዋነት ነው፤ በመድረክ ላይ ግን ሕዝቡ ሁሉ የኔን ስሕተት እየቆጠረ ነው የሚል የተሳሳተ ግምት ያሳድርብናል። ቶማስ ጊሎቪች የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። ተማሪዎች የሚያሳፍራቸው ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ፤ ከዚያም ስንቱ ሰው ቲሸርቱን እንዳስተዋለ ተጠየቁ። ግማሽ የሚሆነው አስተውሏል ብለው ገመቱ። በእርግጥ ያስተዋለው ግን የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። አድማጭም እንዲሁ ነው። እሱ የመጣው ዜማውን ሊሰማ ነው፤ እናንተን የሚያንገበግባችሁን ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አላስተዋለም።

ሌላም ጠቃሚ ግኝት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሌሎች ሰዎች መኖር በሚገባ የተለማመድነውን ነገር እንደሚያሻሽል፣ ገና ያልተዋሐደንን ደግሞ እንደሚያበላሽ አስረድቷል። ለሙዚቀኛ ይህ ግልጽ ምክር ነው። ትናንት የተማራችሁትን ዜማ ዛሬ ሰው ፊት አታውጡት። ለመጀመሪያው መድረክ ከችሎታችሁ ጣሪያ ዝቅ ያለ፣ እጃችሁ ያለ ሐሳብ የሚሄድበትን ሥራ ምረጡ። ከባዱ ሥራ ተራውን ጠብቆ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢሳሳት የሚያነሳው የለም፤ አብሮ የሚጫወት ሰው ግን ባልደረቦች አሉት። የጃዝ ፒያኒስቱ ኸርቢ ሃንኮክ ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ገጠመኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወጣት ሳለ በማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከተማ ይጫወታል። ምሽቱ እየሞቀ፣ ማይልስ በመለከቱ ብቻውን ገንኖ በሚጫወትበት ሰዓት ሃንኮክ ፍጹም የተሳሳተ ኮርድ መታ። ደንግጦ ጆሮውን ያዘ። ማይልስ ለአፍታ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ያንን ኮርድ ትክክል የሚያደርጉ ድምፆችን ተጫወተ። ሃንኮክ ምስጢሩ የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። እሱ የራሱን ድምፅ ስሕተት ብሎ ፈረደበት፤ ማይልስ ግን አልፈረደም፤ የሰማውን እንደ አዲስ ነገር ተቀብሎ መልስ ሰጠው። አብሮ የመጫወት ጥበብ ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ይሰብራል፤ ቡድኑ ሲቀበለው ግን የዜማው አካል ይሆናል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ይህን ጥበብ ከሩቅ መበደር አያስፈልገንም፤ ቤታችን ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቆማሉ። አንዱ ይመራል፤ ሌላው ይቀበላል። አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ ወደ ከበሮና ጭብጨባ አይዘልም። በቁም ዜማ፣ በድምፅ ብቻ ይጀመራል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል የሁሉም አካል አንድ ምት ይይዛል። ጸናጽሉና ከበሮው በመረግድ ይደምቃሉ፤ ፍጥነቱና ጭብጨባው በጽፋት ይመጣል። ወጣቱ አገልጋይ ፍጥነቱ ሲደርስ ድምፁ፣ እግሩና ትንፋሹ ከጎኑ ካሉት ጋር ተዋሕዷል። በሙስሊሙ መንዙማም መሪው ሲያዜም ጀማዓው ይቀበላል፤ የሚቀበለው ሕዝብ መሪውን ይሸከመዋል። አዝማሪው ደግሞ ታዳሚው የሰጠውን ግጥም እዚያው ተቀብሎ በዜማ መመለስ አለበት። አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ሙሉ ጆሮው ግጥም ሰጪው ላይ ነው፤ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚጨነቅበት ፋታ የለውም። ሦስቱም ሥርዓቶች ዘፋኙን ወይም ዘማሪውን ከራሱ አውጥተው ወደ ሌላው ሰው ይመልሱታል።

አብሮ ማዜም ሰውን ከሰው እንደሚያዋሕድ ሳይንሱም ይደግፋል። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ወጣቶች የልብ ምት አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚረጋ አሳይተዋል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ዜማው የት እንደሚተነፈስ ስለሚወስን ሁሉም በአንድ ላይ ያስገባሉ፣ በአንድ ላይ ያስወጣሉ፤ ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ደግሞ ልብን ያረጋጋል። ከሰው ጋር ማዜም ራሱ የፍርሃት መድኃኒት አለው ማለት ነው።

አሁን በተግባር ምን እናድርግ የሚለውን ልናገር።

መጀመሪያ፣ የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ድርሻ ተማሩ። ክራር የሚገርፈው ሰው እየገረፈ የማሲንቆውን ዜማ በአፉ ማንጎራጎር እስኪችል ይለማመድ። ይህን የቻለ ሰው መድረክ ላይ ጆሮው የሚያርፍበት ቦታ አለው። ቢጠፋበት እንኳ ዜማው የት እንደደረሰ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ መመለስን ተለማመዱ። አብዛኞቻችን በልምምድ ጊዜ ስንሳሳት ቆም ብለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ይህ እጃችንን ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር እንዲቆም ያስተምረዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደረግ ልምምድ ይኑራችሁ፤ ማንም ቢሳሳት አይቆምም። ከዚያ አልፋችሁ ሆን ብላችሁ ውጡ፤ አንዱ መሀል ላይ እጁን ያንሳ፣ ሌሎቹ ይቀጥሉ፣ እሱ እያደመጠ ቆይቶ አዝማቹ ሲመለስ ይግባ። አዝማቹ ሁልጊዜ ተመልሶ እንደሚመጣ እጁ ሲያውቅ፣ ልቡ መጥፋትን የዓለም ፍጻሜ አድርጎ መቁጠር ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ሰውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ዛሬ ለቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቡና ለመጠጣት ለተሰበሰቡ ጎረቤቶች፣ ከዚያ ለትንሽ የልደት ድግስ፣ ከዚያ ለአዳራሽ። ሰው ፊት መጫወትም ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል፤ ብቻን በመለማመድ ብቻ አይገኝም።

አራተኛ፣ አጀማመራችሁን አጥኑ። ድንጋጤ ከሁሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ነው። ማን እንደሚያስጀምር፣ በምን ፍጥነት፣ በዓይን ነው ወይስ በትንፋሽ የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። አስጀማሪው ዜማውን በልቡ ጥቂት ካዜመ በኋላ ምልክት ይስጥ፤ ያኔ ፍጥነቱን የሚወስነው የልቡ ትርታ ሳይሆን ዜማው ይሆናል።

አምስተኛ፣ በዕለቱ ቀድማችሁ ድረሱ። መሣሪያችሁን ያለ ጥድፊያ ቃኙ፤ እጃችሁን አሙቁ፤ ትንፋሻችሁን ካስገባችሁበት ጊዜ አስረዝማችሁ ደጋግማችሁ አስወጡ። ለራሳችሁም ተረጋጋ፣ ተረጋጊ እያላችሁ አትታገሉ። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ፊት ከመዝፈናቸው በፊት ጓጉቻለሁ እንዲሉ የተደረጉት ጨንቆኛል እንዲሉ ከተደረጉት የተሻለ ዘፍነዋል። የሚመታው ልብ ያው ነው፤ ስንጓጓም ይመታል። ጉልበቱን ማጥፋት ከባድ ነው፤ ወደ ዜማው መምራት ግን ይቻላል። መድረኩ ላይ ስትወጡ ደግሞ አንድ መሣሪያ ምረጡና ጆሯችሁን እዚያ ላይ አኑሩ፤ ለብዙዎቻችን ከበሮው ወይም ቤዙ ይመቻል። ሐሳባችሁ ወደ ራሳችሁ በሸሸ ቁጥር ሳትቆጡት ወደዚያው መልሱት።

ስለ መድኃኒትና ስለ መጠጥ ዝም ብዬ ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጡ ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች መንቀጥቀጥንና የልብ ፍጥነትን ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች በተደረገ ጥናት፣ መልስ ከሰጡት ከ2,200 በላይ ሙዚቀኞች 27 በመቶው ይህን መድኃኒት ተጠቅመናል ብለዋል። ይህም ፍርሃቱ በሙያው አናት ላይ ያሉትን እንኳ እንደማይምር ያሳያል። ነገር ግን መድኃኒቱ አስም ላለበት ሰው ከባድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል፤ ሐኪም ሳያዝ ከጓደኛ እጅ ተቀብሎ መዋጥ አይገባም። ከመድረክ በፊት ስለሚቀመሰው አረቄ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መጠጥ ፍርሃትን ያደነዝዛል፤ አብሮ የሚያደነዝዘው ግን ጆሮንና ጣትን ነው። አድማጭነታችንን የሚነጥቀን ነገር ሊረዳን አይችልም። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከሥራና ከሰው የሚያርቅ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ቡድን ለምትመሩ የተለየ አደራ አለኝ። ጀማሪ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚያየው የመሪውን ፊት ነው። በዚያች ቅጽበት የተቆጣ ፊት ካየ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሙዚቃውን ትቶ ፊታችሁን ሲጠብቅ ይኖራል። ጀማሪውን ከሁሉ ከሚረጋው አጫዋች አጠገብ አስቀምጡት። እርማታችሁን ለነገ አሳድሩትና ለብቻው ንገሩት። እናንተም መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ልባችሁ የሚመታ ከሆነ ለወጣቶቹ ንገሯቸው፤ ታላቅ ሰው ይህን ሲናገር የሰማ ወጣት እኔ ብቻ ነኝ ከሚለው ብቸኝነት ይወጣል።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ከመድረክ ሲወርድ የመጀመሪያው ቃላችሁ ስለ ስሕተቱ አይሁን። ከማን ጋር ምን እንደተጫወተ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደተደሰተ ጠይቁት። የምትጠይቁት ነገር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ልብ የሚለውን ነገር ይወስናል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሙዚቃ በአገራችን የጥቂት ባለ ተሰጥኦዎች ብቻ ሀብት ሆኖ አያውቅም። በሠርግ ሁሉም ያጨበጭባል፣ በለቅሶ ሁሉም ይቀበላል፣ በጥምቀት ሁሉም ያዜማል። ፍርሃት ከዚህ ማዕድ ማንንም ሊያስነሳ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ተግባር ነው። መሣሪያ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው ፈልጉ። ሦስታችሁም በደንብ የምታውቁትን፣ ረጋ ያለ አንድ ዜማ ምረጡ። እስኪያልቅ ሳትቆሙ ተጫወቱት፤ ስትጨርሱም እኔ እንዴት ነበርኩ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከሌሎቹ የሰማችሁትን አንድ መልካም ነገር እያንዳንዳችሁ ተናገሩ። መናገር ከቻላችሁ አድምጣችኋል ማለት ነው፤ ያደመጠ ሰው ደግሞ ከፍርሃቱ ጋርም ቢሆን መጫወት ይችላል።